ሁለተኛው ካርድ

በጅቡቲ የሴቶች ሰርግ ላይ ወንድ አይገባም፤ ካሜራ የያዘ ወንድማ ከበሩም አይደርስ። ሥራው ለእኔ ቢጤዎች የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የአዳራሹ በር ሲዘጋ ሴቶቹ ሂጃባቸውን ያወልቃሉ፣ ጸጉራቸውን ይለቃሉ፣ ስስ የሰርግ ቀሚሳቸውን እየጎተቱ ይጨፍራሉ። እኔ እቀርጻለሁ። ሲያልቅ ቅጂውን ለሙሽራዋ እናት በእጄ አስረክባለሁ፤ እኔ ዘንድ የቀረውን አጠፋለሁ። ከድሬዳዋ መጥተን ካርቲየ አንድ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ የምንሸጥ ቤተሰብ ነን። ሰው የሚጠራኝ ቀረጻ ስለምችል ብቻ አይደለም፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ስለሚያውቅ ነው። ከእጄ አንድ ምስል ቢያመልጥ የእኔ ሥራ ብቻ ሳይሆን የእናቴ ሱቅም አብሮ እንደሚዘጋ አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።

ባለፈው ዓመት አሮጌዋ ካሜራዬ በቃኝ አለች። የባሕሩ ጨውና እርጥበት ውስጧ ገብቶ ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ይጥል ጀመር። ቡላኦስ ሰፈር ከገበያው ጀርባ ፎቶ ቤት ያላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፤ እንደኛው የድሬዳዋ ሰው ናቸው። መካ ደርሰው ከተመለሱ ወዲህ ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። ያገለገሉ ካሜራዎች ከዱባይ እያስመጡ ይሸጣሉ። ሄጄ ነገሬን ብነግራቸው ሁለት ካሜራ ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። ሁለቱም አዲሶቹ ዓይነት ናቸው፤ ውስጣቸው መስታወት የሌለ፣ ሚረርለስ የሚባሉት። አንደኛዋ አርባ አምስት ሜጋፒክስል ናት፤ ቪዲዮዋ ኤይት ኬ ነው። ሌላዋ ሃያ አራት ናት፤ ከፎር ኬ አታልፍም። በቤቴ የመጀመሪያዋን ትልቋ፣ ሁለተኛዋን ትንሿ እያልኩ ጠራኋቸው።

"ሁለቱንም ውሰጂ፤ ሰርግ ላይ ሞክሪያቸው" አሉኝ ሐጂ። "ሱቅ ውስጥ የማያምር ካሜራ የለም።" ሦስት ሌንስም ጨመሩልኝ፤ አንድ ሰፊ፣ አንድ ዙም፣ አንድ ሰማንያ አምስት ሚሊሜትር። "ሌንስ ደግሞ ከመሃል አይመዘንም። መሃሉ ላይ ሁሉም ደህና ነው። ጥጉን እዪ" አሉኝ።

ጥቂት ቀን ከቤት ሳልወጣ ሞከርኳቸው። ወደብና የጦር ሰፈር ባለበት ከተማ ረጅም ሌንስ ወደ ውጭ ማዞር ደግ አይደለም፤ ስለዚህ መስኮቱን በግማሽ ከፍቼ ታች ያለውን የእናቴን ሱቅ በር ብቻ ነበር የማነሳው። ትልቋን በፍጥነት ሳዞራት በሩ ፊት ያለው የመብራት ምሰሶ ሰክሮ እንደሚሄድ ሰው ያዘምማል፤ ትንሿ ላይ ያን ያህል አይታይም። በጨለማ ትልቋ ጥላው ውስጥ አሸዋ ትረጫለች፤ ትንሿ ንጹሕ ናት። በቀን ብርሃን ግን ትልቋን የሚስተካከላት የለም። የእናቴ ጨርቅ ላይ ያለችውን የክር ጫፍ ሳይቀር ትቆጥርልሻለች። ሌንሶቹም የየራሳቸው ዓመል ነበራቸው። ዙሙ ከባድ ነው፤ ሰማንያ አምስቱ ፎከሱን ሲቀይር ምስሉ እንደሚተነፍስ ሆድ ነፋ ጎደል ይላል። ሁሉም ኤሲ ካለበት ክፍል ወደ ውጭ ሲወጡ ሩብ ሰዓት ሙሉ ጭጋግ ይለብሳሉ። ይህን ሁሉ በደብተር እጽፍ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰርግ ነበረኝ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ አንዲት ሂና የምትቀባ ሴት ነበረች። ስሟን አልጽፍም። ሙሽሮችን ሂና እየቀባች ከሴት ልጇ ጋር ሃያብለ ሰፈር ውስጥ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ትኖራለች። በብዙ ሰርግ ላይ ተገናኝተናል። መጀመሪያ የተዋወቅን ዕለት ወደ ጥግ ወስዳ ሂጃቧን ገለጥ አድርጋ፣ ከጆሮዋ ሥር ተነስቶ አንገቷን ይዞ የወረደ ጠባሳ አሳየችኝ።

"የልጄ አባት ድሬ ነው፤ ቀፊራ ገበያ ሱቅ አለው" አለችኝ። "ያለሁበትን ካወቀ ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ ለወሬ አይመጣም። እኔን እንዳታነሺኝ።"

ከዚያ ወዲህ አንስቻት አላውቅም። ያን ሐሙስም ገና ስገባ በዓይኗ ጠየቀችኝ። "አብሽሪ" አልኳት። "በዚህ ሌንስ ከኋላ ያለ ሰው እንደ ጭስ ነው የሚሆነው፤ ማንም አይለይሽም።" ሰማንያ አምስቱን ማለቴ ነበር፤ እውነትም ነው፤ ትንሿ ላይ ገጥሜ ሙሽራዋን ስይዛት ኋላዋ ያለው ሁሉ ይሟሟል። ነገር ግን ትልቋን ሰፊውን ሌንስ ገጥሜ ከመግቢያው አጠገብ ስታንድ ላይ አቁሜያት ነበር፤ አዳራሹን በሙሉ እንድትይዝ። ኤይት ኬ ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ሰፊውን አንዴ ቀርጸሽ፣ ኋላ ቤትሽ ተቀምጠሽ ከውስጡ የፈለግሽውን ፊት ቆርጠሽ ታወጫለሽ። የነገርኳት በእጄ ስለያዝኳት ካሜራ ብቻ ነው። ስታንድ ላይ ስለቆመችው አላሰብኩም። ተንኮል አልነበረበትም፤ ከቁጥር አልገባችልኝም፣ በቃ።

ትልቋ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላት ቀይ ቴርሞሜትር አሳይታ ጠፋች። ሙቀቱን አልቻለችውም። ኤሲው ሥር አዛውሬ፣ አሳርፌ፣ ሁለት ጊዜ እንደገና አስነሳኋት። ትንሿ እስከ መጨረሻው አንድም አላለችም። በመሃል የሁለቱን ቀለም ለማመዛዘን የሁለቱን ስክሪን በስልኬ ፎቶ አነሳሁ።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሬ የትልቋን ፋይል ሲፈጭ ዋለ። እንዲያ ያለ ከባድ ፊልም መጀመሪያ ቀለል ወዳለ ቅጂ ካልተለወጠ አይከፈትልኝም። ቅዳሜ ጠዋት ምስሉን ገና ሳላይ ካሜራዎቹን መለስኩ። "ትልቋን የሚጠብቃት ሰው ድሬ አለ" አሉኝ ሐጂ፤ "ያንቺ ልብ ካላረፈባት ዛሬ እልካታለሁ።" "ትሞቅብኛለች ሐጂ፤ ይላኳት" አልኩ። በራሴ አፍ።

ከቤት ደርሼ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ፊልሙን ከፈትኩ። መሃሉን አየሁ፤ ያምራል። ከዚያ የሐጂ ምክር ትዝ አለኝና ጥጉን አጎላሁት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ግድግዳው ሥር አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ሂጃቧ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ትስቃለች። ጠባሳው ከጆሮዋ እስከ አንገቷ ድረስ፣ በጣቴ የምዳስሰው ይመስል ግልጥ ብሎ ይታያል። ክው አልኩ። ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ደግነቱ ከእጄ አልወጣም አልኩ ለራሴ። ያንን ጥግ ከፊልሙ ሁሉ ቆረጥኩት፤ ዋናውን ፋይል አጠፋሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተረጋጋሁ። ከዚያ ማመዛዘኔን ልቀጥል ብዬ በስልኬ ያነሳሁትን የስክሪን ፎቶ ከፈትኩ። የትልቋ ስክሪን ጥግ ላይ ትናንሽ ምልክቶች አሉ። ባትሪ። ቴርሞሜትር። አጠገባቸው ደግሞ ሁለት የካርድ ምልክት፤ አንድ እና ሁለት፤ ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ላይ እየተጻፈ ነው ማለት ነው።

ካሜራዋ ካርድ የምትጎርስበት ቦታ ሁለት ነው። እኔ የራሴን አንደኛው ላይ ከትቼ ክዳኑን ዘግቻለሁ። ሁለተኛው ላይ የሐጂ ካርድ ኖሯል። የቀረጽኩትን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ እሱም ላይ ጽፋዋለች። እኔ ደግሞ ካሜራዋን መልሻለሁ፤ ካሜራዋም ወደ ድሬ ልትሄድ ነው።

ለሐጂ ደወልኩ።

"ካሜራዋን ላኳት እንዴ?"

"ለሹፌር ሰጠኋት፤ አራት ሰዓት ላይ። ምነው?"

እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ካርድ ረሳሁ ብላቸው ሰው ናቸው፣ ካርዱ ምን ይዞ ይሆን ብለው ያስከፍቱታል ብዬ ፈራሁ። "የሌንሱን ክዳን ረስቼባት ነው" አልኩ። "ሹፌሩ የት ይሆናል?"

"ለክዳን ነው እንዲህ የምታለከልኪው?" አሉኝ። "ፒኬ ዱዝ ወረቀቱን እየጠበቀ ነው። ተሳቢው አረንጓዴ ሸራ ለብሷል፤ ታርጋው በሰባ አንድ ያልቃል።"

"ገዢው ማን ነው?"

"እንዳንቺው ሰርግ ቀራጭ ነው። ቀፊራ።"

ቀፊራ፤ የልጇ አባት ሱቅ ያለበት። ድሬ ትልቅ ከተማ ትመስላለች እንጂ ቀፊራ ውስጥ የማይተዋወቅ ሰው የለም። ቀራጩ ካርዱን አግኝቶ ለሳቅ ለጨዋታ ለጎረቤቱ ቢያሳይ፣ ጎረቤቱ ደግሞ እሱ ሰውዬው ቢሆንስ? ለእናቴ እንኳ ሳልነግራት ታክሲ ያዝኩ።

ፒኬ ዱዝ ከከተማው ወጣ ብሎ ከባድ መኪኖች ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ጭነት ሁሉ እዚያ ይቆማል። በሐምሌ ሰባት ሰዓት ላይ ነፋሱ አሸዋ ጭኖ ነው የሚነፍሰው፤ ፊትን ይጠብሳል። ስደርስ ዓይኔ እስከሚያየው ድረስ መኪና ነው፤ አረንጓዴ ሸራ የለበሰው ደግሞ ግማሹ ነው። ጎንበስ እያልኩ ታርጋ ማንበብ ጀመርኩ። ሹፌሮቹ ከመኪናቸው ሥር ጥላ ውስጥ ተጋድመው ያዩኛል። አንዱ "ማንን ነው?" ይላል፤ ሌላው ይስቃል። ሴት ብቻዋን እዚያ መንከራተቷ ራሱ ወሬ ነው፤ ከካርቲየ አንድ የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝ ለእናቴ ምን እንደሚላት እያሰብኩ ሂጃቤን ወደ ፊቴ ሳብኩ። አንድ መኪና ሞተሩን ሲያስነሳ በሰማሁ ቁጥር እሱ ነው፣ ሄደ እያልኩ እሮጣለሁ። ሐጂ ጋ ደግሜ ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው፤ የቀን እንቅልፍ ሰዓታቸው ነው።

ሰባ አንድን ያገኘሁት ለተስፋ መቁረጥ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ሹፌሩ ከተሳቢው ሥር ሰሌን አንጥፎ ተቀምጧል። ግንባሩ ላይ የተነቀሰ መስቀል ያለበት ጎልማሳ ሰው ነው።

"የሐጂን ዕቃ የያዝከው አንተ ነህ?"

"ነኝ። ምነው እህቴ?"

"ካሜራዋ ላይ የረሳሁት ነገር አለ። አንድ ደቂቃ ብቻ ልያት።"

ራሱን ነቀነቀ። "ታሽጎ ነው የተሰጠኝ፤ ታሽጎ ነው የማስረክበው። አደራ ነው። ሐጂ ሴት እልካለሁ አላሉኝም።"

"ደውልላቸው።"

ደወለ። ዝግ ነው። ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ መለሰ። ልለምነው ብዬ ሳለ እንባዬ ቀደመኝ። ይህን ሲያይ ተነስቶ ቆመ፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ምንድን ነው ውስጡ ያለው?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ኬላ ላይ የምፈተሸው እኔ ነኝ። ልጆች አሉኝ። መዘዝ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ።"

እሱም እንደ እኔ እንደፈራ ያን ጊዜ ገባኝ። "የሴት ምስል ነው" አልኩት። "መታየት የሌለበት። ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ድሬ ከደረሰ የሚገድላት ሰው አለ።"

ካቢኑ ውስጥ ገብቶ ካርቶኑን አወረደና በቢላዋ ማሸጊያውን ቀደደው። "እኔ ፊት ክፈቺ" አለኝ። "እጅሽን ነው የማየው፤ ምስሉን አላይም።"

ካሜራዋን አወጣሁ። ከጎኗ ያለውን ክዳን ገፋሁት። አንደኛው ባዶ ነው። ሁለተኛውም ባዶ ነው። ጣቴን ከትቼ ዳሰስኩት። ቦርሳዋን ገለበጥኩ፣ የሌንሱን ማስቀመጫ አራገፍኩ፣ የባትሪውን ቤት ከፈትኩ። ምንም የለም።

"ማርያምን አልነካሁትም" አለ ሹፌሩ፤ ሳልጠይቀው።

አመንኩት። ማመኔ ግን ይብስ አስፈራኝ። ካርዱ መኪናው ላይ ከሌለ የት ነው? ማን አወጣው? ለምንስ አወጣው? ሹፌሩ ካርቶኑን መልሶ እያሸገ፣ ጥላው ውስጥ ተቀመጪ፣ ውሃ ጠጪ ይለኛል። ውሃውን ተጎነጨሁ። አመስግኜው ወደ ቡላኦስ ተመለስኩ።

የሐጂ ፎቶ ቤት ዝግ ነበር። ጅቡቲ ከቀትር በኋላ ሁሉ ነገር ይዘጋል፤ ጎዳናው ላይ ድመት እንኳ የለም። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ደጃፋቸው ላይ፣ ከአንድ ክንድ በማትበልጥ ጥላ ውስጥ ተቀመጥኩ። በመስታወቱ ውስጥ አጎንብሼ ጠረጴዛቸውን አየሁ። ኮምፒውተራቸው አልጠፋም፤ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ካርዱ እዚያ ውስጥ ተከፍቶ ይሆን አልኩ።

ሐጂ መጡ። ሲያዩኝ አልደነገጡም። ቁልፋቸውን እያዞሩ፣ "ክዳኑን አገኘሽው?" አሉኝ።

"ክዳን አልረሳሁም፣ ሐጂ።"

"አውቃለሁ።"

ገብተው መሳቢያቸውን ሳቡ፤ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ካርድ አውጥተው ፊቴ አስቀመጡት።

"በስልክ ለምን አልነገሩኝም?"

"አንቺስ ክዳን ነው ያልሽኝ ለምንድን ነው?" አሉ። "እውነቱን እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ። አልነገርሽኝም።"

"አይተውታል?" አልኩ።

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ያዙት። "ሳልፈትሽ ዕቃ አልልክም። ካርዴ ላይ የአዳራሽ ፊልም አገኘሁ፤ ሌንሱን ላይበት ብዬ አንዷን ምስል አቆምኩና ጥጉን አጎላሁት። ሴቶች መሆናቸውን ያወቅሁት ካጎላሁት በኋላ ነው። ዘጋሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ያየሁትን ግን አየሁ።"

"ማንን?"

"አንቺ የምትፈሪላትን። አባቷ ድሬ ጎረቤቴ ነበር። የልጇ አባት ያን ነገር አንገቷ ላይ ያደረገባት ጊዜ ሆስፒታል ከወሰዷት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።"

ሐጂ ቀስ ብለው ቀጠሉ።

"ባለፈው ረመዳን ሰውዬው ደወለልኝ። 'ጅቡቲ ናት ይባላል፤ አይተሃታል?' አለኝ። 'አላየኋትም' አልኩት። ያኔ እውነቴን ነበር። እንደገና መደወሉ አይቀርም። ከመካ ከተመለስኩ ወዲህ ውሸት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ምን እንደምለው አንቺ ንገሪኝ።"

"ሐጂ፣ እባክዎ።"

"አትለምኚኝ። የምለውን እኔም አላውቀውም። ማወቅ ያለባት እሷ ናት፤ ሂጂና ንገሪያት። ዛሬውኑ።"

ሌላ ቅጂ እንደሌለ ኮምፒውተራቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ካርዱን እዚያው ደጃፍ ላይ በድንጋይ ቀጠቀጥኩት፤ ስብርባሪውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። መንገድ ላይ መጣሉን እንኳ ፈርቼ ነበር።

ሃያብለ ስደርስ ፀሐይዋ ልትገባ ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ ልክድ አስቤያለሁ፤ አልዋሽም። ካርዱ ጠፍቷል፣ ሐጂ ደግ ሰው ናቸው፣ ለምን አስደነግጣታለሁ እያልኩ ነበር። ከሚኒባሱ ወርጄ እንኳ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ። ነገር ግን እኔ ዝም ብዬ አንድ ቀን በሯ ቢንኳኳ፣ የሆነውን ሁሉ የማውቅ እኔ ብቻ እሆናለሁ።

በሯ ላይ ተቀምጣ ሂና ታቦካ ነበር። ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳት፤ ስታንዱን፣ ሰፊውን ሌንስ፣ ሁለተኛውን ካርድ፣ ሐጂን። አላቋረጠችኝም። እጇ ሳህኑ ውስጥ እንዳለ ቆመ።

"ጎልቼ እታያለሁ?" አለች።

"ጎልተሽ።"

"ጠባሳው?"

"እሱም።"

"ምን አደርግ ነበር?"

"ትስቂ ነበር።"

ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ የማታውቀው ሰው ወሬ የተነገራት ትመስል ነበር። ከዚያ እጇን በውሃ አለቀለቀችና ገብታ ከግድግዳው ላይ የልጇን ልብስ ማውረድ ጀመረች። ተከትያት ገባሁ። ልጅቷ ጥግ ላይ ደብተሯን ዘርግታ ትጽፋለች። እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ደብተሯን ዘጋች። አንድም ነገር አልጠየቀችም። ይህ ነገር ለልጅቷ አዲስ እንዳልነበረ ያኔ ነው የገባኝ።

"ሐጂ አይናገሩም" አልኩ። "ደግ ሰው ናቸው።"

"ደግ ናቸው" አለች ልብሱን እያጠፈች። "ደግ ሰው ግን ውሸት አያውቅበትም። ዝም ቢሉ እንኳ ሰውዬው ፊታቸው ላይ ያነብበዋል።"

"የት ትሄጃለሽ?"

"አልነግርሽም።" ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ አላየሁባትም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። "ተቀይሜሽ አይደለም። አንቺም አታውቂበትም።"

ልረዳት ብል እምቢ አለች። መሽቶ ሳይጨልም ሂጂ አለችኝ። ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት እንዴት እንዳለፉ እኔ ነኝ የማውቀው። ስልኬ ከኢትዮጵያ ቁጥር ሲጠራ አላነሳም። ሱቃችን በር ላይ የማላውቀው ወንድ ከቆመ በሌላው በር እወጣለሁ። እናቴ ታመሽ ይሆናል ብላ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ትንሿን ገዛኋት፤ ከነሰማንያ አምስቱ። ለጠየቀኝ ሁሉ ትልቋ ሙቀት አትችልም እላለሁ፤ ውሸት አይደለም። ለሙሽራዋ እናት ግን የሆነውን አልነገርኳትም። ካርዱ የወንድ ዓይን እንዳረፈበት ማወቅ የሷ መብት ነበር። ስለ ዕለት እንጀራዬ ፈራሁና ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

ከመውሊድ በኋላ አንድ ቀን ሐጂ አስጠሩኝ። የደንበኛ ወንበር ላይ እንድቀመጥ በእጃቸው ጠቆሙኝ።

"መጣ" አሉ።

የመጣው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

"እዚያ አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ተቀምጦ ሻይ ጠጣ። ሸምግሏል። እንደ ድሮው ጠየቀኝ።"

"ምን አሉት?"

"ከኦቦክ ወደብ በጀልባ ወደ የመን ተሻገረች አልኩት። ጀልባው ላይ ስትወጣ በዓይኔ አይቻታለሁ አልኩት። ልጅቷን ይዛ ነበር ወይ አለኝ። አዎ፣ ይዛት ነበር አልኩ። አንዱን ውሸት ስትጀምሪው ሌላው ራሱ ይመጣል።"

"አመነዎት?"

"አለቀሰ" አሉ ሐጂ። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉት። "ለምን እንዳለቀሰ አላውቅም፤ አልጠየቅኩትምም። በማግስቱ ወደ ድሬ ተመለሰ። የሸኘሁት እኔ ነኝ፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።"

ላመሰግናቸው አልቻልኩም። ደክሟቸው ነበር፤ ምስጋናም የሚፈልጉ አይመስሉም። ተነስቼ በቀጥታ ሃያብለ ወጣሁ። እሷ ባትኖር እንኳ ዱካዋን የሚያውቅ ሰው አላጣም ብዬ ነበር። በዚያች ክፍል አሁን ሌላ ሴት ትኖራለች፤ ሕፃን ታቅፋ በሩን ገርበብ አድርጋ አናገረችኝ። ሂና የምትቀባ ሴት አታውቅም። ጎረቤቶቹም አያውቁም፤ ወይም አናውቅም አሉ። በአራት ወር ውስጥ በአንድም ሰርግ ላይ እንዳላየኋት ትዝ አለኝ። ሥራዋንም ትታዋለች ማለት ነው።

ሰውዬው ተመልሷል፣ አይፈልግሽም የሚለውን ወሬ ይዤ እዚያ መንገድ ላይ ቆምኩ። ልነግራት የመጣሁትን ሴት አጣሁ። እሷ አንድ ቦታ፣ ምናልባትም በዚሁ ከተማ ውስጥ፣ በሩ ሲንኳኳ ትደነግጣለች።

ሕፃን የታቀፈችው ሴት ከኋላዬ ተጣራች። "ድንገት ከመጣች ማን ፈለገሽ ልበላት?"

ስሜን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ይህችን ሴት እንደማላውቃት፣ ማን እንደሚጠይቃትም እንደማላውቅ አሰብኩ።

"ማንም" አልኳትና ወደ ሚኒባሱ ወረድኩ።